ሠላሳ ሁለት ቀጭ

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ቀይ ዲኤክሱን እየነዳ የወንድይፍራው ጋራዥ ደረሰ። ደረሰ ስላችሁ ዝም ብሎ አይደለም። መግቢያው ላይ ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ፣ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አስጮኸ፣ ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰፈሩ ሁሉ እስኪያየው ጠበቀ። እኔ የጋራዡ አጥር ለአጥር ጎረቤት ነኝ፤ የመኪና ወንበር ልብስና ኮርኒስ እሰፋለሁ። ስለዚህ የማወራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ ነው ያየሁት። ያላየሁትን ካዩት ሰዎች ሰምቻለሁ። ትንሽ የጨመርኩበት ቦታ ካለ ደግሞ ይገባዋል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ኢንጂነሩን ላስተዋውቃችሁ። ኢንጂነርነቱ የቧንቧ ነው፤ ይሁን እንጂ የማያውቀው ነገር የለም። ሐኪም ቤት ሲሄድ ለሐኪሙ መድኃኒት ያዝለታል። ሠርግ ሲጠራ ፎቶ አንሺውን ገፋ አድርጎ ካሜራውን ያስተካክላል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል፣ ሰው የቋጠረውን ገመድ ፈትቶ «እንዲህ ነው የሚታሰረው» እያለ እንደገና ይቋጥራል። በሱ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ድንኳን ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የነፋሱ ነው።

ሌላው ጠባዩ ደግሞ ይኼ ነው፤ የከፈለበትን ነገር እስከ ጥጉ ካልተጠቀመበት እንቅልፍ አይወስደውም። ሆቴል ካደረ ሻወሩ ተከፍሎበታል ብሎ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። አንድ ጊዜ መኪና ማቆሚያ ለአንድ ሰዓት ከፈለና ጉዳዩን በሃያ ደቂቃ ጨረሰ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ዘግቶ ቀሪውን አርባ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ጨረሰው። ፀሐዩ ደግሞ የእሳት ነበር። ላቡን እየጠረገ ሰዓቱን ሲያይ ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ወንድይፍራው፣ እኛ ወንዴ የምንለው፣ የዚህ ሰው ተቃራኒ ነው። ጎበዝ መካኒክ ነው። ብዙ አያወራም፤ ካወራ ግን ያችኑ አንዷን ቃል ቦታዋ ላይ ነው የሚያስቀምጣት። አንድ ምኞት ብቻ ነበረው። በከተማችን ዳር ካለው አሮጌ የአውሮፕላን ማንደርደሪያ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ የመኪና ውድድር ይደረጋል። ያንን የሚያዘጋጀው የመኪና ስፖርት ማኅበር፣ ከገመዱ ወዲያ ገብቶ መኪኖቹን የሚያይ አንድ መካኒክ አለው፤ ነጭ ቱታ ይለብሳል። ወንዴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከገመዱ ወዲህ ቆሞ ያንን ነጭ ቱታ ሲያይ ኖረ። በዚያ ዓመት ነባሩ መካኒክ ጡረታ ወጣና ማኅበሩ ወንዴን አስጠራው። «ከአባሎቻችን የአንዱን መኪና አዘጋጅ። በውድድሩ ቀን ደህና ከሄደ ቱታው ያንተ ነው» አሉት።

የማንን መኪና እንደሚያዘጋጅ በዕጣ ተወሰነ። ዕጣው የማንን ስም ይዞ እንደወጣ እናንተም ገምታችኋል። ወንዴ ወረቀቱ ሲነበብ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ኢንጂነሩ የመጣው ለዚሁ ነው።

«ወንዴ! ሾክ አብዞርበር ልንቀይር ነው» አለ ከመኪናው እየወረደ። «ያንን የሚስተካከለውን! ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የሆነውን! በሥራ ቀን መንገድ ላይ፣ በውድድር ቀን ሜዳ ላይ። ቪዲዮውን ዘጠኝ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንተን እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ወንዴ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዓይነት ዘረጋለት። «ይኼኛው ቁመቱ ብቻ ነው የሚስተካከለው። ቀለበቱን ሲያዞሩት መኪናው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጥንካሬው ግን እንደተሠራ ነው። ይኼ መካከለኛው ቁመቱም ጥንካሬውም ይስተካከላል። አናቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲያዞሯት ቀጭ ትላለች፤ በአንድ ቀጭ አንድ ደረጃ ይጠነክራል። አሥራ ሁለት ቀጭ አለው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውም እንደሱው ነው። ሠላሳ ሁለት ቀጭ አለው።»

ኢንጂነሩ እንደ ሙሽራ አየው። እጁን ሰደድ ሲያደርግ ወንዴ አስቆመው።

«ቆይ ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዓመት ስንት ቀን ይወዳደራሉ?»

«ሁለት ቀን።»

«ሌላውን ጊዜ የት የት ነው የሚነዱት?»

«ከቤት ቢሮ። ከቢሮ ገበያ። እሁድ እሁድ አማቴን ቤተ ክርስቲያን አደርሳለሁ።»

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«እስከ ወፍጮ ቤቱ አስፋልት ነው። ከዚያ ኮብልስቶን ነው። ከዚያ በኋላ ኮብልስቶኑም አልቆ ጉድጓድ ብቻ ነው።»

«አዩ፣ ይኼ መኪና ኑሮው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ውድድሩ ጋ የሚሄደው በእንግድነት ነው» አለ ወንዴ። «ሾክ የሚመረጠው መኪናው ለሚኖርበት ነው። መካከለኛው ይበቃዎታል። ሠላሳ ሁለቱንም ካማረዎት ዕቃው ጥሩ ነው፣ ክፉ አልልም፤ ስድስት ላይ አድርጌ አስርልዎታለሁ። የውድድሩ ሜዳም አሮጌ ኮንክሪት ስለሆነ እዚያም ከስድስት ባያልፍ ነው የሚሻለው።»

«ስድስት?» አለ ኢንጂነሩ። «ሃያ ስድስቱስ?»

«ይቀመጣሉ።»

«የት ነው የሚቀመጡት?»

«እዚያው ሾኩ ውስጥ።»

«ከፍዬባቸው ይቀመጣሉ?» ኢንጂነሩ ዞር ዞር ብሎ ምስክር ፈለገ፤ የተገኘሁት እኔ ነኝ። «ሰማህ? ሃያ ስድስት ቀጭ ገዝቼ፣ ላስቀምጣቸው ነው! አንተ የአሥር ሜትር ጨርቅ ገዝተህ ሁለቱን ሜትር ሰፍተህ ስምንቱን ታስቀምጣለህ?»

እኔ እንኳን አስቀምጣለሁ፤ ግን ክርክር አልወድም። መርፌዬን አየሁ።

ወንዴ ታግሦ አስረዳው። «ኢንጂነር፣ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ነው። መንገዱ ሲወጣና ሲወርድ ሾኩ አብሮ መተንፈስ አለበት። ከጠነከረ አይተነፍስም፤ ጎማው መሬቱን ለቆ አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ ደግሞ መሪ አይሠራም፣ ፍሬንም አይሠራም።»

«አውሮፕላን አየር ላይ አይደለም እንዴ የሚነዳው?» አለ ኢንጂነሩ።

ወንዴ ክሪኩን አነሳና ሥራውን ጀመረ።

ገጥሞ ሲጨርስ አራቱንም ስድስት ላይ አደረጋቸው። ኢንጂነሩ እጅጌውን ሰብስቦ ተከተለው። የፊት ቀኙን ይዞ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ሠላሳ ሁለት ላይ ሲደርስ ቁልፏ አልዞርም አለችው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከራት፣ ምናልባት ሠላሳ ሦስተኛ ደብቀውበት እንደሆነ። አራቱንም እንዲህ አደረገ። ከዚያ ቁመቱን ደግሞ ቀለበቱ እስከሚሄድበት ድረስ ዝቅ አደረገው። መኪናው ሆዱ መሬት ሊነካ አንድ ጣት ቀረው። ወንዴ ጨርቅ ይዞ ቆሞ እጁን ይጠርጋል፤ እጁ ከጸዳ ቆይቷል። ቱታው ከፊቱ ሲርቅ ይታየዋል። አንጀቴን በላኝ።

በማግስቱ እሁድ ነው። ኢንጂነሩ አማቱን እትዬ ውድነሽን ከፊት፣ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ከኋላ ጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረደ። እኔም በእግሬ እዚያው እየሄድኩ ነበር። የሰፈራችን ቄስ አባ ሀብተወልድ ከፊት ከፊቴ ጥግ ይዘው ይሄዳሉ። መኪናው አጠገባቸው ሲደርስ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ ነው፤ አራቱም እናቶች ከነነጠላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ! አባ ዞር ሲሉ መኪና ሙሉ ሰው ለሳቸው ክብር ተነሥቶ አዩ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ መስቀላቸውን እያነሡ።

እንዴት ይቀመጡ? ቀጣዩ ጉድጓድ ደግሞ አስነሣቸው። የአባ ልብ በጣም ተነካ። «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ትሕትና!» ብለው እያለቀሱ ባረኳቸው፤ መኪናው ከዓይናቸው እስኪጠፋ እየተነሣ እየተቀመጠ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ዲኤክሱ የፊት ጎማዎቹን አሻገረና ሆዱ ጉብታው ላይ ተኛ። የፊቱም የኋላውም ጎማ ተንጠልጥሎ ባዶውን ይሽከረከራል። ቅዳሴ የመጣው ምእመን ነጠላውን አደግድጎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እያለ ተሸክሞ አሻገረው። በመካከል እትዬ ውድነሽ አልወረዱም፤ እንደ ታቦት ተሸክመው አሻገሯቸው ማለት ነውር ስለሆነ አልልም።

«ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት አማቻቸውን፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«ቀስ ብዬ ነው እማማ። ስፖርት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«እንግዲያውስ ስፖርቱን አንተ ሥራ፤ እኔን አታሠራኝ።»

ሰኞ ዕለት መኪናው እኔ ጋ መጣ። ኮርኒሱ ላይ፣ ከፊት ወንበር በላይ፣ የእትዬ ውድነሽ የጭንቅላት ቅርጽ ከነሹሩባቸው ታትሟል። እኔ ስፖንጅ ጨምሬ ሰፋሁት። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና መጣ። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ሾክ የተጠቀምኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ወንዴ «አንተ እንኳ ንገረው» ሲለኝ ትንሽ አፍሬ ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ ይኼ ነገር ይከነክነኛል።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ጠዋት ልምምድ፣ ከምሳ በኋላ ውድድር ነው። ሜዳው ዳር ድንኳን ተተክሏል፣ ገመድ ተወጥሯል፣ ሕዝቡ ቆሎውን እየበላ ቆሟል። ወንዴ የራሱን ሰማያዊ ቱታ አጥቦ፣ ተኩሶ መጥቷል። ነጩ ቱታ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። በየደቂቃው ቀና እያለ ያየዋል፤ ወዲያው ደግሞ ያላየ ይመስላል።

ኢንጂነሩ የራስ ቁሩን ደፍቶ ለልምምድ ገባ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ሜትሮች ደህና ሄደ። ከዚያ የኮንክሪቱ መጋጠሚያዎች ጀመሩ። መጋጠሚያው በየአምስት ሜትሩ ነው፤ ዲኤክሱም በየአምስት ሜትሩ ይነጥራል። ምጣድ ላይ ያለ ፈንዲሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ኩርባው ላይ ሲደርስ ኢንጂነሩ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ጎማዎቹም ወደ ግራ ዞሩ፣ ዋሽቼ አላውቅም፤ ችግሩ ያን ጊዜ መሬት ላይ አልነበሩም። መኪናው መሪውን ሳይሰማ ቀጥ ብሎ ሄደና ከሜዳው ዳር የተከመረ የጤፍ ጭድ ውስጥ ገባ። ከጭዱ ወጥቶ ዙሩን ሲጨርስ የመጨረሻ ነው። የመጨረሻ ስል ከተወዳዳሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ ለተመልካች ውሃ የሚያድለው ፒክአፕ እንኳን ቀድሞት ገብቷል፤ እሱም በየመንገዱ እየቆመ እያደለ ነው።

ኢንጂነሩ ሲወርድ ጭድ ከራስ ቁሩ ላይ፣ ከጺሙ ላይ፣ ከኪሱም ውስጥ ይወጣል። ቀጥ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ምሳ ቀርቦ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሻምበል ጥሩነህ ሊባርኩ ነው። ሻምበል ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ነገር ሲረዝም አይወዱም።

«ሻምበል፣ ክስ አለኝ!»

«ምሳህን ብላና ክሰስ» አሉት።

በላ። እንዴት እንደበላ አትጠይቁኝ፤ የማኅበሩ አባል መዋጮ ከፍሏል፣ ምሳው መዋጮው ውስጥ ነው። ሁለት ትሪ ዙሪያ ዞረና፣ የጎረቤቱንም ጥግ ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ ተነሣ። ሆዱ ከሸሚዙ ቀድሞ ቆመ። እትዬ ውድነሽ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የመጡት አማቻቸው ሲያሸንፍ ሊያዩ ነው፣ በታክሲ።

«ይኼ ሰው» አለ ኢንጂነሩ ጣቱን ወንዴ ላይ ቀስሮ፣ «ዕቃ አስሮ አያውቅም! ዓለም የመሰከረለትን ሾክ በደንብ ስላላሰረው አነጠረኝ። ይባስ ብሎ ሠላሳ ሁለት ቀጭ ገዝቼ በስድስቱ ንዳ ይለኛል! እንዲህ ያለ ሰው ነጭ ቱታ ሊለብስ አይገባም። ከገመዱ ውጭ ይውጣልኝ!»

ወንዴ የመፍቻ ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መሰለ። አሥራ አንድ ዓመት፣ እዚህ ድረስ መጥቶ!

«አንተ ምን ትላለህ?» አሉት ሻምበል።

«ሻምበል፣ አንድ ዙር ብቻ ይፍቀዱልኝ። ስድስት ላይ ላድርገውና ይሞከር።»

«አይሞከርም!» ኢንጂነሩ ጠረጴዛውን መታ። «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሞከርም! እኔ ልዑልሰገድ የገዛሁትን ነገር እስከ መጨረሻው ነው የምጠቀመው። ከፍዬበት ሙሉ በሙሉ ያልተጠቀምኩበት አንድ ዕቃ ካለኝ፣ ይኼው ቆሜያለሁ፣ አምጣና አሳየኝ! አንድ! ካሳየኸኝ ስድስት ላይ አድርገው፤ ቱታውንም ልበስ። ካላሳየኸኝ ግን ሣጥንህን ይዘህ ውጣ!»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል» አሉ ሻምበል። «በዚሁ ይለቅ። ወንድይፍራው፣ ቀጥል።»

ወንዴ ኢንጂነሩን ከላይ እስከ ታች አየው። ኮፍያው ሁለት ዓመት የተለበሰ ነው። መነጽሩ የተሰነጠቀው ሳይቀር ያገለግላል። እስክሪብቶው ቀለሙ አልቆ እንኳን ኪሱ ላይ እንደተሰካ ነው። ሰዓቱ ማንቂያው ሳይቀር በየሰዓቱ ይጮኻል። ጫማውን አየ፤ ሶሉ እስከ ካልሲው ተልሷል። እኔ ከኋላ ቆሜ በልቤ እጸልያለሁ፤ ከሰው ሁሉ እኮ የዚህን ሰውዬ ጠባይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ምንም አይገኝበትም! ኢንጂነሩም ይኼንኑ ስለሚያውቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ኮቱን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ሐውልት ተገተረ።

ወንዴ ዓይኑ ወገቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሣጥኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ኢንጂነር፣ ቀበቶዎ ስንት ቀዳዳ አለው?»

«ሰባት!» አለ ኢንጂነሩ ወዲያው፤ የገዛውን ነገር ሁሉ ቆጥሮ ነው የሚያውቀው።

«የታሰረው ስንተኛው ላይ ነው?»

ኢንጂነሩ ወደ ታች ሊያይ ሞከረ። ሆዱ ከልሎታል። ሻምበል ጎንበስ ብለው አዩለት። «ጫፍ ያለው፣ የመጀመሪያው ላይ» አሉ። «እሱም ሊበጠስ ነው።»

«እንግዲህ ሰባት ቀዳዳ ከፍለው በአንዱ ብቻ ነው የሚኖሩት» አለ ወንዴ። «እስቲ ሰባተኛው ላይ ያጥብቁትና አንድ ዙር ይንዱ፤ የጠበቀ ነገር ለምን እንደማይተነፍስ ከዚያ በኋላ እኔ ሳልሆን እርስዎ ያስረዱናል።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ሻምበል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ውሃ የሚያድለው ሹፌር ጀሪካኑን ለቆ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ራሱም ስቆ ነገሩ ያልቅ ነበር። ኢንጂነር ልዑልሰገድ ግን ሌላ ሰው አይደለም።

«ያልተጠቀምኩበት አቅቶኝ መሰለህ?» አለና የቀበቶውን ጫፍ ያዘ። «አሁኑኑ ታያለህ! ያዙልኝ!»

ሁለት ተወዳዳሪዎች መጡ። አንዱ ከጀርባው ወገቡን ያዘው፣ አንዱ ቀበቶውን ጎተተ። ሁለተኛው ቀዳዳ ገባ፤ ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ሦስተኛው ገባ፤ ፈገግታው ቀረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ከመኪናው ቀለም ጋር ተመሳሰለ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከላይ የነበረው ሆድ የት እንደገባ እንጃ፣ ደረቱ ላይ ወጥቶ የሸሚዙን ሁለት ቁልፎች ፈናጠራቸው።

ይኼን ጊዜ እትዬ ውድነሽ ከወንበራቸው ተነሡ። በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው መነሣታቸው ነው።

«በርታ ልጄ!» አሉት ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። «ሦስት ብቻ ነው የቀረህ። ከፍለህበታል እኮ!»

ኢንጂነሩ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ፤ የወጣችው ቀጭን ፉጨት ናት።

ወንዴ መፍቻውን አንሥቶ፣ አንገቱን በአክብሮት ዝቅ አድርጎ ጠየቀው። «ስንት ላይ ላድርግልዎት፣ ኢንጂነር?»

ኢንጂነሩ የቀኝ እጁን አምስት ጣቶች ዘረጋ፤ ከግራው ደግሞ ቶሎ ብሎ አንድ ጨመረበት።